ዕጣ ያልቀናው ዳንኤል በርኑሊ

የምደባ ሰሞን ሲቃረብ በግቢያችን ከሚወራው ሁሉ የሚበልጠው የዕጣ ወሬ ነው። ማን ከተማ ዳር ይደርሰው ይሆን? ማንስ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ይወጣበት ይሆን? ምግብ ቤት ተሰልፈንም ሆነ መኝታ ቤት መብራት ከጠፋ በኋላ የምንጨቃጨቀው በዚሁ ነው። እኔም በዚህ ሰሞን ዕጣ ሁለት ጊዜ ፊቱን ያዞረበትን፣ ኋላም ዕጣን ራሱን በሒሳብ የመረመረ የአንድ ሰው ታሪክ ላቀርብላችሁ ወደድኩ።

ሰውየው ዳንኤል በርኑሊ ይባላል። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ፈሳሽ ፍጥነትና ግፊት ስንማር ስሙ ስለሚነሣ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ከፈሳሹ ሌላ የሠራው አንድ ትልቅ ሥራ አለ። ይኸውም ሰው ትርፍም ኪሣራም ሊያመጣ የሚችል ነገር ሲቀርብለት ለምን አንዱ እንደሚደፍርና ሌላው እንደሚሸሽ በቁጥር ለማሳየት መሞከሩ ነው። ዛሬ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ሰዎች ለሥጋት ያላቸውን ዝንባሌ ለመለካት የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች መነሻቸው ይኼው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ዳንኤል የተወለደው በየካቲት ወር 1700 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን በተባለች ከተማ ነው። ቤተሰቡ ግን የስዊዘርላንዷ የባዝል ከተማ ሰዎች ናቸው። አባቱ ዮሐን በርኑሊ በዘመኑ ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ነበር። አጎቱ ያዕቆብም እንዲሁ። ያዕቆብ በ1705 ሲሞት ዮሐን ልጆቹን ይዞ ወደ ባዝል ተመለሰና የወንድሙን የማስተማር ወንበር ወረሰ። እንግዲህ ዳንኤል ያደገው ሒሳብ እንደ እንጀራ በየቀኑ በሚቀርብበት ቤት ነው ማለት ይቻላል። ግን ያ ቤት ቅናትም አላጣውም። ዮሐንና ያዕቆብ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ በሒሳብ ጉዳይ በአደባባይ እስከ መዘላለፍ ደርሰው ነበር። የዚህ ቅናት ፍሬ ቆይቶ ለዳንኤልም ተርፎታል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

አባትየው ልጁ ሒሳብ እንዲማር አልፈለገም። በሒሳብ ገንዘብ አይገኝም ብሎ ነጋዴ ሊያደርገው አሰበ። (ይህን ያለው ራሱ በሒሳብ የሚኖር ሰው መሆኑ ያስገርማል። እኛም አስተማሪነት እንጀራ አይሆንም ሲሉን የሰማናቸው አስተማሪዎች አሉ፣ አይደል?) ልጁ ግን ንግዱን እምቢ አለ። ሒሳቡን በአምስት ዓመት ከሚበልጠው ከወንድሙ ከኒኮላውስ እየተማረ አደገ። በመጨረሻ አባትና ልጅ ሕክምና ይማር በሚል ተስማሙ፤ ሒሳቡንም አባቱ ቤት ውስጥ ሊያስተምረው ፈቀደ። ዳንኤል በሃይደልበርግ፣ በስትራስቡርግ፣ ከዚያም በባዝል ተምሮ በ1721 ስለ አተነፋፈስ ባቀረበው ጥናት የሕክምና ዶክትርናውን አገኘ።

ወዲያው በባዝል ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር አመለከተ። አንድ ጊዜ ለአናቶሚና ለዕፅዋት ትምህርት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሎጂክ። በዚያን ጊዜ በባዝል የመጨረሻው ምርጫ የሚፈጸመው ለመጨረሻ በቀሩት አመልካቾች መካከል ዕጣ በመጣል ነበር። በሁለቱም ጊዜ ዕጣው ለዳንኤል አልወጣም። ዕውቀቱ አልጎደለም፤ የጎደለው ዕድሉ ነው።

ሥራ ያጣው ወጣት የሕክምና ልምድ ሊቀስም ወደ ቬኒስ ሄደ። እዚያም በጠና ታመመ። ቢሆንም በ1724 የመጀመሪያውን የሒሳብ መጽሐፉን አሳተመ። ከመጽሐፉ ክፍሎች አንዱ ፋሮ ስለሚባለው የካርታ ቁማር ነው፤ ማለት ቁማርተኛው ስንት ጊዜ ሊያሸንፍ፣ ስንት ጊዜ ሊሸነፍ እንደሚችል ይቈጥራል። በተጨማሪም መርከብ በማዕበል ሲንገላታ ሳይዛባ የሚሠራ የአሸዋ ሰዓት እንዴት እንደሚበጅ ጽፎ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ላከና በ1725 ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ዘመን ከዚሁ አካዳሚ በድምሩ 10 ሽልማት ተቀብሏል።

በዚያው ዓመት የሩስያ መንግሥት አዲስ ላቋቋመው የሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ሊቃውንት ይፈልግ ነበርና ዳንኤልና ወንድሙ ኒኮላውስ አብረው ተጠሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ግን ኒኮላውስ በትኩሳት ታሞ በ1726 ሞተ። ሒሳብ ያስጀመረውን ወንድሙን በባዕድ አገር ቀብሮ ብቻውን ቀረ፤ ብርዱም አልተስማማውም፤ ወደ አገሩ የመመለስ ፍላጎት አደረበት። በ1727 የአባቱ ተማሪ የነበረው ሌዎንሃርድ ኦይለር መጣለትና ብቸኝነቱ ቀለል አለ። ኦይለር ማን እንደ ሆነ የሒሳብ ክፍል ልጆች ያውቁታል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ስድስት ዓመታት ለዳንኤል ብዙ የሠራባቸው ዓመታት ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መድረሳችን ነው።

የዳንኤል የአጎት ልጅ፣ እሱም ስሙ ኒኮላውስ፣ በ1713 ለአንድ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በጻፈው ደብዳቤ አንድ እንቆቅልሽ አቅርቦ ነበር። ዳንኤል ኋላ ባስተካከለው መልኩ እንዲህ ነው። ጴጥሮስ ሳንቲም ወደ ላይ ይወረውራል። በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ ከወጣ ለጳውሎስ 1 ዱካት ይከፍለዋል (ዱካት የዚያን ጊዜ የወርቅ ገንዘብ ነው)። ጎፈር ከወጣ ደግሞ ይወረውራል፤ በሁለተኛው ዘውድ ቢወጣ 2 ዱካት፣ በሦስተኛው ቢወጣ 4፣ በአራተኛው 8፣ እንዲህ እያለ በእጥፍ ይሄዳል። ጥያቄው ጳውሎስ ይህን ጨዋታ ለመጫወት አስቀድሞ ስንት ቢከፍል ይሻለዋል የሚል ነው።

የዚያን ዘመን ሒሳብ መልሱ ቀላል ነው ይላል። እያንዳንዱን ገንዘብ ከመገኘት ዕድሉ ጋር አባዝተህ ደምር። በመጀመሪያው ውርወራ የመውጣት ዕድሉ ግማሽ ነው፣ ክፍያው 1፤ ብዜቱ ግማሽ። በሁለተኛው ዕድሉ ሩብ ነው፣ ክፍያው 2፤ ብዜቱ አሁንም ግማሽ። በሦስተኛው አንድ ስምንተኛ ሲባዛ በ4፣ ይኼም ግማሽ። ግማሽ በግማሽ ላይ ሲደመር መጨረሻ የለውም። እንግዲህ ጳውሎስ ያለውን ቤትና ከብት ሸጦም ቢሆን መጫወት አለበት ማለት ነው! ነገር ግን ጤነኛ ሰው ሁሉ ይህን የመጫወት መብት በ20 ዱካት የሚገዛው ቢያገኝ ደስ ብሎት ይሸጠዋል። ታዲያ የተሳሳተው ማነው? ሒሳቡ ነው ወይስ ሰው?

የዳንኤል መልስ ሰው አልተሳሳተም የሚል ነው። ስሕተቱ ገንዘብን እንደ ገንዘብ ብቻ መቊጠሩ ላይ ነው። የአንድ ነገር ዋጋ ለሁሉም አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚሰጠው እርካታ ግን እንደ ባለቤቱ ሁኔታ ይለያያል። ይህንንም በሎጋሪዝም አስቀመጠው። በተራ አነጋገር፣ 100 ብር ያለው ሰው 10 ብር ሲጨመርለት የሚሰማው ደስታ 1,000 ብር ያለው ሰው 100 ብር ሲጨመርለት ከሚሰማው ጋር እኩል ነው እንደ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የጳውሎስ ጨዋታ ምንም ለሌለው ሰው 2 ዱካት ያህል ዋጋ አለው፤ 10 ዱካት ላለው 3 ያህል፣ 100 ላለው 4 ያህል፣ 1,000 ላለው 6 ያህል። ያ መጨረሻ የለውም የተባለው ቁጥር እዚህች ላይ ወረደ።

ሒሳቡ አስፈሪ እንዳይመስላችሁ በሰሌዳ ላይ ልንሠራው የምንችለውን አንድ ምሳሌ እኔ ራሴ አዘጋጅቻለሁ። አንድ ሰው ያለው ገንዘብ 100 ብር ነው እንበል። ሳንቲም ተወርውሮ ዘውድ ከሆነ 50 ያገኛል፣ ጎፈር ከሆነ 50 ይከስራል። ወይ 150 ይኖረዋል ወይ 50። በተራው አማካይ አሁንም 100 ነውና ምንም አልጎደለበትም። በዳንኤል መንገድ ግን ሁለቱን አባዝተን ስኩዌር ሩት እናወጣለን፤ 150 ሲባዛ በ50፣ 7,500፤ ስኩዌር ሩቱ 86.6 ነው። እንግዲህ ጨዋታውን በመቀበሉ ብቻ 13 ብር ከኪሱ እንደ ወደቀ ቍጠሩት። ያው ጨዋታ 1,000 ብር ላለው ሰው ቢቀርብ 1,050 በ950 ተባዝቶ ስኩዌር ሩቱ 998.7 ይሆናል፤ የጎደለበት 1 ብር ከምናምን ነው። ሳንቲሙ አንድ፣ ጨዋታው አንድ፣ 50 ብሩም አንድ። ልዩነቱ ያለው ቤት በቀረው ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ባለ 100 ብሩ ሰው እምቢ ቢል ፈሪ ነው ልንለው ነው? እኔ አልልም። ገበሬ አዲስ ዘር አልቀበልም ሲል ኋላ ቀር ነው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይህችን ሒሳብ አንድ ጊዜ ቢሠራት መልካም ነበር።

ዳንኤል ጽሑፉን የጀመረው በቁማር ሳይሆን በድኻ ሰው ነው። አንድ ችግረኛ የሎተሪ ቲኬት አገኘ፤ እኩል በእኩል በሆነ ዕድል ወይ 20,000 ዱካት ያወጣል ወይ ባዶ ይሆናል። አንድ ሰው በ9,000 ግዛው ቢለው ቢሸጥ ሞኝ ነውን? አማካዩ 10,000 ነው፤ በሒሳቡ 1,000 ከሰረ። ዳንኤል ግን መሸጡ ልክ ነው ይላል። ሀብታሙ ደግሞ በ9,000 መግዛቱ ልክ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው! አንዱ ሲያተርፍ ሌላው የግድ ይታለላል ብለን ለምንገምት ሰዎች ይህ ቆም ብለን የምናስብበት ነገር ነው።

ከዚያም ወደ ነጋዴዎች ይሄዳል። ካዩስ የሚባል ነጋዴ ከአምስተርዳም ሸቀጥ ገዝቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ በመርከብ ያስጭናል፤ ቢደርስለት 10,000 ሩብል ያወጣለታል። በዚያ ወቅት ከሚጓዙ 100 መርከቦች 5 ይሰምጣሉ። መድን ሰጪው 800 ሩብል አምጣ ይለዋል። በአማካይ የሚጠፋው 500 ስለሆነ 300ው ትርፍ ክፍያ ነው። ይግባ አይግባ? ዳንኤል ነገሩ በካዩስ ሌላ ሀብት ይወሰናል ብሎ ቁጥሩን አወጣ፤ ከዚህ ሸቀጥ ሌላ 5,043 ሩብል ከሌለው መድን መግባት ይሻለዋል። መድን ሰጪውም ይህን ውል ለመቀበል ቢያንስ 14,243 ሩብል ሊኖረው ይገባል። እንዲሁም 8,000 ዱካት የሚያወጣ ዕቃ በባሕር ማዶ ስላለው፣ በቤቱ ደግሞ 4,000 ስላለው ነጋዴ ይናገራል። ከ10 መርከቦች አንዱ የሚጠፋ ከሆነ ዕቃው ሁሉ በአንድ መርከብ ሲጫን ተስፋው 6,751 ዱካት ያህል ነው፤ በሁለት መርከብ ቢከፋፈል 7,033 ይሆናል። መርከቦቹ አልተሻሉ፣ ባሕሩም አልረጋ፤ መከፋፈሉ ብቻ ጠቀመ። የአገራችን ገበሬ አንዱን ማሳ ጤፍ፣ አንዱን ማሽላ፣ አንዱን ባቄላ የሚዘራው ሎጋሪዝም ተምሮ አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ይህን ጽሑፍ ዳንኤል ከማሳተሙ በፊት ረቂቁን ለአጎቱ ልጅ ለኒኮላውስ ላከለት። ኒኮላውስም ገብርኤል ክራመር የሚባል የጄኔቫ ሰው በ1728 ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፎልኝ ነበር ብሎ ነገረው። ክራመር በሎጋሪዝም ፈንታ በስኩዌር ሩት ነው የሠራው። ዳንኤል ምን ያደርጋል? ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ደብዳቤው የሰው የግል ደብዳቤ ነው። እሱ ግን ጽሑፉ በ1738 በአካዳሚው መጽሔት ሲታተም የክራመርን ሐሳብ መጨረሻው ላይ አክሎ ቀደምትነቱን ለባለቤቱ ሰጠ። እንቆቅልሹም መጽሔቱ በታተመበት ከተማ ስም የሴንት ፒተርስበርግ እንቆቅልሽ ተብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለጥቂት ገታ አድርጌ ይህ ሥራ ኋላ ምን እንዳስከተለ ላውሳ። ዳንኤል አንድ ቀመር ለሰው ሁሉ ሰጠ እንጂ ሰዎቹን ሄዶ አልጠየቀም፤ አልለካም። ጽሑፉም በላቲን ተጽፎ ስለነበር ወደ እንግሊዝኛ የተተረጐመው በ1954 ነው። ያኔ የኢኮኖሚክስ ሰዎች እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ሥጋት እንደሚሸሽ በተግባር እንለካ ብለው ተነሥተው ነበር። ግን እንዴት ይለካል? ቀላሉ መንገድ በቃል መጠየቅ ነው። ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ምን ያህል ደፋር ነህ ይሉታል። እንዲህ ከሆነስ ምን ታደርጋለህ ይሉታል። ችግሩ በአፍ ሁሉም ጀግና ነው።

ሃንስ ቢንስዋንገር የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ በሕንድ ገጠር ይህን ፈተነ። በመጀመሪያ በቃለ መጠይቅ ሞከረ፤ ውጤቱ እንደ ጠያቂው ሰው የሚለዋወጥ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ እውነተኛ ገንዘብ አወጣ። ለገበሬዎቹ ምርጫ ሰጣቸው። አንደኛው ያለ ምንም ሥጋት 50 ሩፒ መቀበል ነው። ሁለተኛው ሳንቲም ተወርውሮ 45 ወይም 95፤ ሌላው 40 ወይም 120፤ ሌላው 30 ወይም 150፤ ሌላው 10 ወይም 190፤ የመጨረሻው ወይ ባዶ ወይ 200። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ትርፉም ሥጋቱም ያድጋል፤ በመጨረሻው ላይ ሥጋቱ ቢጨምርም አማካዩ አይጨምርም። ሰውየው የሚመርጠው መስመር የልቡ ልክ ነው። ጨዋታውን በትንሽ ገንዘብ ጀምሮ እያሳደገ ደጋገመው። በሳንቲም ሲጫወቱ ደፍረው የነበሩት ገንዘቡ ሲበዛ ወደ መካከለኛው ጥንቃቄ ተሰበሰቡ። ደግሞ የሚያስገርመው፣ ዳንኤል እንዳለው ሀብታሙ ከድኻው እጅግ የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ ሀብት ያመጣው ልዩነት ትንሽ ነበር። በ1980 ይህ ታተመ። በአንጻሩ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በእውነተኛ ገንዘብ ተሠርቶ በ2009 የታተመ ጥናት ገበሬዎቻችን ሥጋትን በብርቱ የሚሸሹ መሆናቸውንና ይህም ከድኽነታቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ነገሩ ተዘግቷል ማለት አይቻልም።

በ2002 ሆልትና ሎሪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደግሞ ዐሥር መስመር ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የረጋ ነው፤ 2 ዶላር ወይም 1.60። ሌላው የተራራቀ ነው፤ 3.85 ወይም 0.10። በመጀመሪያው መስመር ትልቁን የማግኘት ዕድል ከ10 አንድ ነው፤ በሁለተኛው ከ10 ሁለት፤ እንዲህ እያለ እስከ ዐሥር። ሰውየው በስንተኛው መስመር ላይ ከረጋው ወደ ተራራቀው እንደሚዛወር ያያሉ። አማካዩን ብቻ የሚያሰላ ሰው አራት ጊዜ የረጋውን መርጦ በአምስተኛው ይዛወራል፤ ከዚያ የዘገየ ሥጋትን የሚሸሽ ነው። ብልኃቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ፊደል ላልቈጠረ ሰው ከ10 ሦስት፣ ከ10 አራት እያሉ ማስረዳት ራሱን የቻለ የማስተማር ዘዴ ይጠይቃል። በተለያየ ዘዴ የተለካ አንድ ሰው አንዳንዴ የተለያየ ውጤት ይወጣለታል።

እኔም በመኝታ ቤታችን የቢንስዋንገርን ጨዋታ በቃል ለስምንት ጓደኞቼ አቀረብኩላቸው። አምስቱ የመጨረሻውን፣ ባዶ ወይም 200 የሚለውን መረጡ። በማግሥቱ ገንዘቡን አሳንሼ፣ ግን ከኪሴ እውነተኛ ብር አውጥቼ ሳቀርብ የመጨረሻውን የመረጠ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እሱም ተሸነፈ። (ሌሎቹ ግን የሻይና የዳቦ ገንዘቤን ይዘውብኝ ሄዱ፤ ምርምር ዋጋ ያስከፍላል።)

ወደ ዳንኤል ሕይወት እንመለስ። በ1733 ሴንት ፒተርስበርግን ትቶ ወደ ባዝል ተጓዘ። በመጨረሻ እዚያ የማስተማር ወንበር አግኝቶ ነበር፤ ያውም ያ ዕጣ የነፈገውን የአናቶሚና የዕፅዋት ወንበር። ደስ ብሎት መመለስ ሲገባው ቤቱ ውስጥ እሳት ጠበቀው። የፓሪስ አካዳሚ የ1734ን ሽልማት ለአባትና ለልጅ በእኩል አካፈለ። ሌላ አባት ቢሆን በግ ያርድ ነበር። ዮሐን ግን ልጁ ከእሱ ጋር እኩል መባሉን አልቻለውም፤ ዳንኤልን ከቤቱ አባረረው።

ዳንኤል ስለ ፈሳሽ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፉን በ1738 አሳተመ። በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የዮሐን ልጅ ብሎ ጻፈ። ደጁን ለዘጋበት አባት ይህን ማድረጉ ዕርቅ መፈለጉ ይመስለኛል። ዕርቁ አልመጣም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቱ በዚሁ በፈሳሽ ጉዳይ የራሱን መጽሐፍ አወጣ፤ ከልጁ የቀደመ እንዲመስልም 1732 የሚል ዓመት ለጠፈበት። ዳንኤል በ1743 ለወዳጁ ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ የዐሥር ዓመት ድካሙን በአንድ ሰዓት እንደተነጠቀ ገልጾ በምሬት አዝኗል። የክራመርን ስም ማንም ሳያስገድደው የጻፈ ሰው በገዛ አባቱ ይህ ሲደርስበት ያሳዝናል። ዮሐን በ1748 መጀመሪያ ሲሞት የፓሪስ አካዳሚ በአባትየው ቦታ የተካው ዳንኤልን ነው።

በ1760 ዳንኤል ስለ ሥጋት ሌላ ጥናት ለዚሁ አካዳሚ አቀረበ። በዚያን ዘመን ፈንጣጣ አውሮፓን ይፈጅ ነበር። የኋለኛው ክትባት ገና አልተገኘም። የነበረው ዘዴ ከታመመ ሰው መግል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ በጥቶ ማስገባት ነው። ብዙው ቀለል ባለ ሕመም ያልፋል፤ አንዳንዱ ግን በዚያው ይሞታል። ዳንኤል በዘዴው የሚሞተውን ከ200 አንድ ያህል አድርጎ ወሰደ። ፈንጣጣ ባይኖር የሰው አማካይ ዕድሜ ከ26 ዓመት ከ7 ወር ወደ 29 ዓመት ከ9 ወር ከፍ እንደሚል አሰላ። ሦስት ዓመት ከምናምን ማለት ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ዘዴውን ይቀበል አለ።

ፈረንሳዊው ሊቅ ዳላምቤር ተቃወመው። የዛሬ ወር ሊገድል የሚችል አደጋና በእርጅና የሚጨመር ዕድሜ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም ነው የተቃውሞው ፍሬ ነገር። ልጇን ታቅፋ የቆመች እናት ከ200 አንድ የሚለውን እንዴት ትሰማዋለች? እኔ እንደሚመስለኝ ለመንግሥት ዳንኤል ልክ ነው፤ ለእናትየዋ ግን ዳላምቤር የቀረበ ነው። ደግሞ አንድ ዱካት ለሁሉ አንድ አይደለም ብሎ ያስተማረው ዳንኤል፣ እዚህ ላይ አንድ ዓመት ዕድሜ ለሁሉ አንድ ነው ብሎ መደመሩ ግራ ያጋባል። ፈንጣጣ ራሱ ከተፈጥሮ የመጣው የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1977 በሶማሊያ ከታየ በኋላ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ተነገረ።

የማስተማሩ ነገር ለእኛ ስለሚቀርበን ይህን ልጨምር። ዳንኤል ከአናቶሚ ወደ ፊዚዮሎጂ፣ ከዚያም በ1750 ወደ ፊዚክስ ተዛወረ፤ ፊዚክስንም እስከ 1776 አስተማረ። ሃያ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ትምህርቱን በተግባር ሙከራ እያሳየ ይሰጥ ስለነበር አዳራሹ በአድማጭ ይሞላ ነበር።

ዳንኤል በርኑሊ በመጋቢት 17 ቀን 1782 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ባዝል ውስጥ ዐረፈ። የተቀበረውም እዚያው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው።